ንጉሥ የሌለበት ካርታ

ይህ በእውነት የሆነ ነው።

እናንተ እዚህ ቻናል ላይ የምትጽፉትን ሁሉ አነባለሁ። ነጭ ለብሳ መንገድ ዳር የምትቆም ሴት... ማንም ሳይኖር የሚንኳኳ በር... መጨረሻው ሕልም ሆኖ የሚገኝ ጩኸት። እናንተ ስታነቡት ትንቀጠቀጡ ይሆናል። እኔን ያዛጋኛል።

የኔ እንደዚያ አይደለም። የኔ የሆነው በቀን ነው። ሰው እያየ።

ፍኖተ ሰላም፣ የ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው።

የማያምን እዚህ ላይ ያቁም። አልለምንም።

ያኔ የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህር ነበርሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ክረምት ለመምህር ዕረፍት ነው የሚል ሰው በዚያ ዘመን አልኖረም። ቀበሌ ይጠራሃል፤ መፈክር ጻፍ፣ ጨርቅ ቀባ ይልሃል። መስከረም ሁለት የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር ስለሆነ ከተማው ከአጥር እስከ አጥር ቀይ ቀለም ተለቅልቆ ነበር።

የጠራኝ ጓድ ገደፋው ነው። የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር።

ገደፋው በሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ ይደረድራል። የሚጽፍበት ነገር ሲመጣ ግን የሌላ ሰው ይዋሳል። ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፤ የገዛ ድምፁ ይጥመዋል። ትናንት የሰማውን ቃል ዛሬ ያስተምርሃል፤ ለዚያውም አጣሞ። ግን ሰው ማሳሰር ይችላል። ስለዚህ ሲቀልድ ሁላችንም እንስቃለን። ቀልዱ አያስቅም።

የፈለገው መጫወቻ ካርታ ነበር።

በመዝናኛ ክበቡ የነበረችው አንዲት ካርታ አርጅታ ጠርዟ ተበልቷል። በከተማው የሚሸጥ የለም። ገደፋው ለበዓሉ የአውራጃ እንግዶች ሲመጡ የሚያሳያቸው አዲስ ካርታ አሰበ። በንጉሡ ፋንታ ገበሬ፣ በንግሥቲቱ ፋንታ ሴት ወዛደር፣ በጃኩ ፋንታ ሚሊሺያ ያለበት።

"ዘውዱን ከካርታም ላይ እናወርደዋለን፤" አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ሥዕሉን ከአሮጌ ጫማ ሶል ላይ ቀርጬ በማኅተም ቀለም ማተም እንደምችል ነገርሁት። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ሰው ካርታ ሥዕሉ ይመስለዋል። ሞኝነት ነው። ካርታ ማለት ወረቀቱ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ከጀርባው የሚያሳይ ከሆነ አይረባም። ሲታጠፍ ተመልሶ ካልተቃና አይረባም። ጀርባው ሁሉ አንድ ካልመሰለ፣ ከጣት ላይ ካልተንሸራተተ... አይረባም።

ያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ዘረገፍሁ።

የማባዣው ወረቀት ስስ ነው፤ ከጀርባው ሆነህ ታነበዋለህ። የፋይሉ ማኒላ ወፍራም ነው፤ ግን አንዴ ከታጠፈ ምልክቱ አይለቀውም፤ ከሁለት ጨዋታ በኋላ ካርታውን ሁሉም ያውቀዋል። የሳሙናው ካርቶን ይላጣል። የሲሚንቶው ከረጢት ይሻክራል።

ገደፋው እያንዳንዱን በምራቁ ባራሰው ጣቱ እየነካ ራሱን ነቀነቀ። የወረቀት ሊቅ ይመስል።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው።

"ብራና፤" አለ።

የሚስቱ የያይኔአበባ አጎት፣ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ፣ ከቡሬ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ብራና እየፋቁ መጻሕፍት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሞተዋል። ብራናቸው ግን ከባለቤታቸው ዘንድ ተቀምጧል። የጸሎት መጽሐፍ ሊሆን የነበረ ቆዳ የገበሬ ካርታ ሲሆን አብዮታዊ እርምጃ ነው አለ።

እኔ የታየኝ ሌላ ነው። በደንብ የተፋቀ ብራና ታጥፎ ይቃናል። ከጀርባው አያሳይም። ሰውዬው ሳያውቅ ልክ ተናግሯል። ሞኝም አንዳንዴ ይመታል።

በማግስቱ ገደፋው የአውራጃውን ላንድሮቨር ለምኖ አመጣ፤ ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ገባን። ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ገደፋው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱን ሰደበ።

የመሪጌታ ሚስት ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ተብለዋል። ቀጭን፣ አጭር፣ የአገው ተወላጅ። ለምን እንደመጣን ሲሰሙ አልተቆጡም፣ አልተቃወሙም። ለባለ ሥልጣን አሻፈረኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ። ከጥግ የተከመረውን ብራና አሳይተው የፈለጋችሁትን ውሰዱ አሉን።

አንድ በአንድ አየሁት። ቢጫ ነው። አንዱ ወፍሮ ሌላው ሳስቷል። ቀዳዳም አለበት። ለካርታ አይሆንም።

ቀና ስል... ከበሩ ጀርባ ሌላ አየሁ።

የፍየል ቆዳ ነው። በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ተወጥሯል። ነጭ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። በጣቴ መታ አደረግሁት። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም።

"ያችን ተዋት፤" አሉ እማሆይ።

"ለምን እማሆይ?"

"ገና አልሞተችም።"

ገደፋው ሳቀ። አድኃሪ እምነት ነው ብሎ ጠፍሩን ሊቆርጥ ቢላዋ አወጣ።

እሱ ሲቆርጥ እማሆይ እጄን ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። ጠያቂ ያጣች ፍየል ከደጃቸው መጥታ ነበር። ቢያባርሯት አልሄድ አለች። ሰው ቢጠይቁ የኔ ናት የሚል ጠፋ። መሪጌታ አረዷት። ስትታረድ ደም አልወጣትም። ቆዳዋን ወጥረው ፋቁት፤ በማግስቱ ጠጉር አብቅሎ ተገኘ። ደግመው ፋቁ። ደግሞ አበቀለ። መሪጌታ የሞቱት ያችን ሲፍቁ ነው፤ መፋቂያው ከእጃቸው ሳይወጣ።

"እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን አላበቀለችም፤" አሉኝ። "ለምን እንደሆን እንጃ።"

በልቤ ናቅኋቸው። አሁን ለምን እዋሻለሁ? ሁለቱንም ናቅኋቸው፤ እሱን ለድንቁርናው፣ እሳቸውን ለተረታቸው። በዚያች ጎጆ ውስጥ አእምሮ ያለው ሰው እኔ ብቻ የሆንሁ መሰለኝ።

የመጨረሻው ጠፍር ተቆረጠ።

ብራና ከመወጠሪያው ሲፈታ ይኮማተራል። አውቃለሁ። ይቺ ግን አልተኮማተረችም።

ተዘረጋች... ብዙ ቆሞ እንደደከመው ሰው።

እማሆይ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ለኛ አልነበረም። ለቆዳዋ ነው።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተመልሰን ቆረጥኋት። ሙሉ ካርታ ወጣ፤ ትርፍም ተረፈ። ገደፋው የገበሬው ፊት የሱን እንዲመስል አዘዘኝ። አዎ፣ የሱን። አንገቱን ቀና አድርጎ ግማሽ ቀን ተቀመጠልኝ። ሞፈር ጨብጦ የማያውቅ ሰው! ቅንድቡን አወፍርልኝ አለ። አወፈርሁለት።

ማኅተሙን ስመታ ቀለሙ ወዲያው ደረቀ። መድረቅም አይደለም...

ተመጠጠ።

ካርታው ግሩም ሆነ። ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይንሸራተታል። ከሰዓት በኋላ በክበቡ ገደፋው ያድላል፣ ሰው ይጫወታል፣ ሰው እያወቀ ይሸነፍለታል። እሱ ግን ችሎታው ይመስለው ነበር። ጨዋታው ሲያበቃ ካርታውን በደረት ኪሱ ይከታል። ማንንም አያምንም።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ሙቀቱን ነው።

ካርታው ሞቃት ነው። ከገደፋው ኪስ ስለሚወጣ ነው አልሁ። አንድ ቀን ግን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ስብሰባ ገባ። ስብሰባው እንደ ሁልጊዜው የማያልቅ ነበር። ከዚያ መጥቼ ስነካው...

አሁንም ይሞቃል።

ሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤት እናት ፍየል ከዝናብ ሸሽታ ክበቡ ደጃፍ ላይ ቆመች። ወደ ጠረጴዛው ታያለች። ከዚያ መጮኽ ጀመረች። የተለመደውን ጩኸት አይደለም። አዲስ የተወለደ ግልገሏን ስትጠራ የምታሰማውን፣ አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ የምታወጣውን ድምፅ ነው። ሰዎቹ ሳቁ። ገደፋው ካርታውን ኪሱ ከተተ። ፍየሏ ዓይኗን ከኪሱ ላይ አላነሣችም።

በድንጋይ አባረሯት። ተመልሳ መጣች።

ከዚያ ጠጉሩ መጣ።

ሻጋታ ነው አለ ገደፋው፣ የክረምት እርጥበት ነው። ምላጭ አውጥቶ ላጨው። ካርታዎቹን ተቀብዬ ሳገላብጣቸው ጠጉር ያለባቸው ገበሬዎቹ ብቻ ናቸው። የበቀለውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ቅንድቡ ላይ።

ቀና ብዬ ገደፋውን አየሁት።

ቅንድብ አልነበረውም።

ለቀናት አብሬው ስቀመጥ አላየሁም። ሌላውም ሰው አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። የባለ ሥልጣን ቅንድብ መጥፋቱን ማን ይናገራል? እጁን አየሁ። የእጁ ጀርባ ላይ አንድ ጠጉር የለም። ቆዳው ነጥቷል፣ ተወጥሯል፣ ያብለጨልጫል።

አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ እጅጌዬን ያዘኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይጨፍን አናገረኝ።

"መምህር ንብረት... ይኼን እየው።"

መዳፉን ዘረጋልኝ።

መሥመር የለበትም። አንድም። እንደ አዲስ ወረቀት ልሙጥ ነው።

"ሐኪም ዘንድ ሂድ፤" አልሁት።

"ሄድሁ።"

"ምን አሉህ?"

"ቅባት ሰጡኝ።" በሩን ዞሮ አየ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ "አያመኝም እኮ። ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር።"

አዘንሁለት። እሱን ለመሰለ ሰው ማዘን ያናድዳል፤ ግን አዘንሁለት። ካርታውን ስጠኝና ልጣለው አልሁት። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። እዚያው ቀረ። አላወጣውም።

ከዚያ ወዲያ ክበብ መምጣት ተወ። ታሟል ተባለ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ፣ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን ለጠፈ። በዚህ ከተማችን ጎበዝ ነው።

ያይኔአበባ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ መጣች። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባለች። ከበሩ አላለፈችም። ባሏ ሲላጭ ጉንጩን በምላጭ እንደቆረጠው ነገረችኝ። ቁስሉ ተከፍቶ ይታያል።

ደም ግን አልወጣውም።

ይህን ከእማሆይ አፍ ሰምቼዋለሁ። ለሷ አልነገርኋትም።

"ጋሽ ንብረት... ካርታውን ውሰዱልኝ፤" አለች።

"እሱስ?"

"ተኝቷል።"

"እንቅልፍ ወስዶታል?"

"እንጃ። ዓይኑ አይከደንም።"

አብሬያት ሄድሁ። ገደፋው በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኑ ጣራው ላይ ነው። ካርታው ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

ቀስ ብዬ አነሣሁት።

ካርታው አንድ ሆኗል። ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ አንድ ወፍራም ነገር ሆኗል። ይሞቃል። ላላቅቀው በጥፍሬ አንዱን ጫፍ ሳብ አደረግሁ። ትንሽ ተቀደደ።

ገደፋው አቃሰተ።

እጄን አነሣሁ። ያይኔአበባ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በሻሽ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ፤ በማግስቱ ለእማሆይ ልንመልስላቸው ተስማማን። እቤቴ ካርታውን ሰው እንደሚፈራው ነገር ከአልጋዬ ራቅ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። ማን ነው በተረት አላምንም ያለ?

በጠዋት አውቶቡስ ተራ ላይ ስንገናኝ ያይኔአበባ ባሏ እንደተነሣ ነገረችኝ። በእግሩ ቆሟል። የሚቀምሰው ነገርም ጠይቋል። ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ ፊቷን አየሁ። ደስ አላላትም።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሻሹን ፊታቸው ፈታሁት።

ካርታው ተለያይቷል። ቢጫ ሆኗል፣ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል። እንደ በጋ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ነካሁት።

ቀዝቃዛ ነው።

እማሆይ አንዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዩት። ወደ ጆሮአቸውም አስጠጉት። ከዚያ መሬት ጣሉት።

"ይኼማ ባዶ ነው፤" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"የነበረው ወጥቷል። ቤት አግኝቷል።"

ወደ ያይኔአበባ ዞሩ። ድምፃቸው የበለጠ ዝቅ አለ።

"ባልሽ ዛሬ እህል ቀመሰ?"

"እህልስ አልፈለገም።"

"ታዲያ ምን ጠየቀሽ?"

ያይኔአበባ መሬት መሬት አየች።

"ጨው።"

እማሆይ አማተቡ። ከዚያ ተነሥተው የያይኔአበባን እጅ ይዘው ወደ ቤት አስገቧት። አንቺ ከዚህ አትሄጂም አሏት። አልተከራከረችም። ስለ ልብሷ፣ ስለ ዕቃዋ አንድ ነገር አላነሣችም። ደግማም ፍኖተ ሰላምን አልረገጠችም፤ ኋላ ቡሬ ላይ ጠላ ስትሸጥ አግኝቻት ስለ ባሏ አልጠየቀችኝም።

እኔ ግን ተመለስሁ። ወዴት እሄዳለሁ? ደመወዜ እዚያ ነው።

መስከረም ሁለት ደረሰ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ትፋጃለች። አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ ቀበሌ ስም ስለሚጠራ ያልመጣ የለም። መድረኩ ላይ የአውራጃ እንግዶች ተደርድረዋል። ንግግር ሊያደርግ ጓድ ገደፋው ተነሣ።

ድኗል። ደግሞም እንዴት አምሮበታል። ቅንድቡ ተመልሷል። ጠጉሩ ከበፊቱ ይበልጥ ጠቁሮ፣ ወፍሮ ያብረቀርቃል። አጠገቤ የቆመ አንድ ባለሱቅ ጓድ ገደፋው አማረበት፣ የገጠር ቅቤ ተስማማው አለኝ። አዎ አልሁት።

ንግግሩ ያው ንግግር ነው። ማንም አይሰማም። እኔ ፊቱን ነበር የማየው።

አንድ ዝንብ መጣ። ጉንጩ ላይ አረፈ።

ገደፋው እጁን አላነሣም። ንግግሩን አላቋረጠም። ዓይኑንም አላርገበገበም።

የጉንጩ ቆዳ ግን... ብቻውን... እንደ በሬ ቆዳ ተርገፈገፈ።

ዝንቡ ተነሣ። አንገቱ ላይ አረፈ።

አንገቱም ተርገፈገፈ። ከጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ ሸሚዙ ኮሌታ ድረስ፣ እንደ ማዕበል።

አጠገቡ የተቀመጡት እንግዶች አዩ። ማየታቸውን አየሁ። አንዱ ቀስ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ከዚያ አንዱ እጁን አንሥቶ አጨበጨበ። ከሱ ቀጥሎ መድረኩ ሁሉ። ከመድረኩ ቀጥሎ አደባባዩ በሙሉ።

እኔም አጨበጨብሁ።